የአሰልጣኙ ካርድ ስንት ያወጣል?

መቼም አሜሪካኖች ገበያ የማያወጡት ነገር የለም። ትዝታን እንኳ አሽገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ዋጋ ለጥፈው ይሸጡታል። ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀት በሚሊዮን ዶላር መሸጡን የሰማ የኛ አገር ሰው “ምን ተጽፎበት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የተጻፈበትማ ብዙ አይደለም። ከፊት ለፊቱ የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ምስል አለ፤ ከጀርባው ደግሞ የተወለደበት ቀን፣ ቁመቱ፣ ክብደቱና የጨዋታ ውጤቱ። በቃ! ይህ ካርድ ድሮ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ነበር የሚገኘው። ኋላ ከማስቲካ ጋር እየታሸገ ለልጆች በሳንቲም ይቸረቸር ጀመር። ዛሬ ግን አንዳንዱ ቪላ ቤት ይገዛል። በ2022 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሚኪ ማንትል የተባለው ዝነኛ ተጫዋች የ1952 ካርዱ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው ይሮጣል። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ዱላው አይገርመውም፤ የሚገርመው ጨዋታው የሚፈጀው ሰዓት ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን በደንብ የመታ ሰው ጀግና ይባላል። ሰባቱን የሳተ ሰው ጀግና የሚባልበት ሌላ ሙያ እስካሁን አላገኘሁም።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ አሜሪካ ገብቶ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ የኪስ ገንዘቡን ካርድ ላይ ያጠፋ ነበር። በ2025 ጥቅምት ወር ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ የ12 ዓመቱ ልጁ የአባቱን ክምችት በላስቲክ ኪስ በላስቲክ ኪስ ሸክፎ አመጣልኝና አንዱን ነጥሎ “ጋሼ፣ ይሄን አባዬ ኮሌጅ ያስገባኛል ብሎ ነው የገዛው” አለኝ እየሳቀ። ካርዱ የዶን ማቲንግሊ ነበር፤ የ1984፣ ዶንረስ የተባለው ኩባንያ ያተመው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ማቲንግሊ በ64 ዓመቱ፣ የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ምክትል አሰልጣኝ ሆኖ፣ ወርልድ ሲሪስ ለሚባለው የፍጻሜ ፍልሚያ ደርሶ ነበር። ልጁ ወደ አባቱ ዞረና “ዋንጫውን ካገኘ ይወደዳል?” አለ።

“አይወደድም” አለ አባትየው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። “አሰልጣኝ ነዋ!”

“አሰልጣኝ ነዋ!” የምትለው አነጋገር ለጆሮዬ አዲስ አልነበረችም። ድሮ ቤት ልከራይ ስሄድ አከራይዋ ሥራዬን ጠይቀው “መምህር ነኝ” ስላቸው “ውይ!” ያሉት በዚሁ ድምፅ ነው። እናላችሁ፣ ነገሩ ከንክኖኝ ሰነበተ። አንድ ሰው እድሜውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ቢጫወት፣ ግማሹን ቢያስተምር፣ ሁለተኛው ግማሽ ለምን ከዋጋ አይገባም?

መጀመሪያ አንቱ የተባሉትን እንያቸው። ሆነስ ዋግነር በ1909 እና በ1911 መካከል በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የወጣው ካርዱ የካርዶች ሁሉ ንጉሥ ይባላል። ኩባንያው ማተሙን ቶሎ ስላቆመ በዓለም ላይ የሚታወቁት ወደ 60 ገደማ ብቻ ናቸው፤ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህ ሰው ዱላውን ከሰቀለ በኋላ ከ1933 እስከ 1951 የፒትስበርግ ፓይሬትስ አሰልጣኝ ነበር። 19 የጨዋታ ዘመን! አርኪ ቮን የተባለውን ወጣት ይዞ አሠልጥኗል፤ ልጁም በ1935 በመምታት ሊጉን መርቷል። ለዋግነር ካርድ 7 ሚሊዮን የሚከፍል ሰው ግን ስለ አርኪ ቮን አይጠይቅም።

ሚኪ ማንትልም በ1970 ለጥቂት ጊዜ የያንኪስ አሰልጣኝ ነበር። ይህን የሚያውቁት ነገር አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች ብቻ ናቸው። ካርዱን ያስወደደው ሌላ ነው። አንደኛው የራሱ ዝና፤ ሁለተኛው ደግሞ እጥረት። ሳይ በርገር የተባለው የቶፕስ ኩባንያ ሰው፣ መጋዘን ያጣበቡትን የ1952 ካርዶች በ1960 በጀልባ አስጭኖ ባሕር ውስጥ እንዳስጣላቸው ሲያወራ ነው የኖረው። ባሕር የገባው ለተረፈው ዋጋ ሆነለት።

ቴድ ዊሊያምስ በ1941 ከሺህ 406 የመታ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ ሊግ ማንም ከሺህ 400 ላይ ደርሶ አልጨረሰም። በ1969 ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ ሴኔተርስ የተባለውን ደካማ ቡድን ተረከበ። ዓመት ቀደም ብሎ 65 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በእሱ እጅ 86 አሸነፈ፤ እሱም የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ። ሳንዲ ኮፋክስም ከሁሉም ወርዋሪዎች በላይ የሚያስቀምጡት ሞልተዋል፤ ከ1979 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በታችኛው ሊግ ለዶጀርስ ወጣቶች ውርወራ ሲያስተምር ነበር። የሁለቱም ካርድ ውድ ነው። ከማስተማራቸው የመጣ ሳንቲም ግን ቢፈለግ አይገኝበትም። ለነዚህ ሰዎች አሰልጣኝነት አባይ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንደ መጨመር ነው።

“እንግዲያው ማስተማር ዋጋ የለውም ማለት ነው” ብለን እንዳንደመድም የሚከለክሉን ሌሎች ሰዎች አሉ። ቶሚ ላሶርዳ ወርዋሪ ነበር። በትልቁ ሊግ አራት ጊዜ ተሸነፈ፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1955 ብሩክሊን ዶጀርስ በደንቡ ምክንያት አንድ ልጅ ከቡድኑ ማውጣት ስላልቻለ ላሶርዳን ወደ ታች ላከው። ያ ልጅ ማን መሰላችሁ? ሳንዲ ኮፋክስ! ላሶርዳ ይህን እያነሳ ዕድሜ ልኩን ሲቀልድበት ኖሯል። ኋላ ግን ከ1976 እስከ 1996 የዶጀርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ1981 እና በ1988 ዋንጫ በላ፤ በ1997 ኩፐርስታውን ከሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ገባ። የ1954 ካርዱ፣ በአጨዋወቱ ቢሆን ኖሮ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ወረቀት፣ ዛሬ ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

ስፓርኪ አንደርሰንም እንዲሁ ነው። በትልቁ ሊግ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም 1959። ከሺህ 218 መታ፤ ከሜዳ ያወጣት ኳስ የለችም። አሰልጣኝ ሲሆን ሲንሲናቲን በ1975 እና በ1976፣ ዲትሮይትን በ1984 ለዋንጫ አበቃ። ቶኒ ላሩሳ ከሺህ 199 ነበር የመታው፤ አሰልጣኝ ሆኖ በ1989፣ በ2006 እና በ2011 ዋንጫ አነሳ። ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ናቸው። የሁለቱም የጀማሪነት ካርድ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውም ከእግር እስከ ራሱ ከአሰልጣኝነት የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ካርዱ ላይ አሰልጣኙ የለም። ሊቀጠር ከአሥር ዓመት በላይ የቀረው ፈገግተኛ ጎረምሳ ነው ያለው። ሰብሳቢው የሚገዛው ያልተጻፈውን ነው።

ልኩን ግን እንወቅ። በ1954 ከላሶርዳ ካርድ ጋር አብሮ የታተመ የሄንሪ አሮን የጀማሪነት ካርድ አለ፤ የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። በዚያ ላይ ላሶርዳ በአሰልጣኝነቱ ዘመን፣ ሆዱ ገፍቶ፣ ቆብ አድርጎ የታተመባቸው ካርዶች በርካሽ ይገኛሉ። ሰው ያሸነፈበትን ሳይሆን ተስፋ ያደረገበትን ፎቶ ነው ገበያው የሚወደው።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ይመስላል። ለታላቁ ተጫዋች ማስተማር አይጨምርለትም። ለደካማው ተጫዋች ማስተማር ዋጋ ይፈጥርለታል፤ ያውም የዝነኞች አዳራሽ ማኅተሙን ሲያሳርፍለት ብቻ። ማኅተም ያላረፈበት አሰልጣኝ፣ አሥር ልጅ ቢያወጣ መቶ፣ ካርዱ ጫማ ሳጥን ውስጥ ይከርማል። ገበያው ያስተማረውን አይገዛም፤ የተመሰከረለትን ነው የሚገዛው።

በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው ነው ማቲንግሊ። ታላቅ ነበር፤ ግን ማኅተም አላገኘም። በ1984 በመምታት ሊጉን መራ፤ በ1985 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በ1987 በተከታታይ 8 ጨዋታ ኳስ ከሜዳ አወጣ። ያኔ ካርዱን ያልፈለገ ልጅ አልነበረም። የሰማንያዎቹ ማብቂያ ደግሞ የእብደት ዘመን ነው። አባት ለልጁ አክሲዮን እንደሚገዛ ካርድ በካርቶን ይገዛ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ኩባንያዎቹም ገበያውን አይተው ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ነገር ደግሞ አይጠፋም፤ ያልጠፋ ነገር አይወደድም። ማቲንግሊም ጀርባውን ታመመና ዱላው እንደ ድሮው አልሆን አለ።

የሰውዬው ዕድል ግን ጉድ ነው። በ1994 ያንኪስ በምድቡ አንደኛ ሆኖ ሲገሰግስ የተጫዋቾች አድማ ተመታና ውድድሩ በነሐሴ ተቋረጠ። በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ በቃ፤ እሱ ከሺህ 417 መታ፣ ቡድኑ ግን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። በ1996 ያንኪስ ዋንጫ በላ! በ2004 ለያንኪስ የመምታት አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ቦስተንን 3 ለ0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ3 ተሸነፈ። በ2007 መጨረሻ ለቀቀ፤ ያንኪስ በ2009 ዋንጫ አነሳ። ከ2011 እስከ 2015 ዶጀርስን መራ፤ ከ2013 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ምድቡን አሸነፈ፤ ወርልድ ሲሪስ ግን አልደረሰም። እሱ ከሄደ በሁለተኛው ዓመት ዶጀርስ ወርልድ ሲሪስ ገባ። ማያሚ ሄደና በ2019 105 ጨዋታ የተሸነፈውን ቡድን በ2020 ለጥሎ ማለፍ አብቅቶ የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ።

እና በ2025 በቶሮንቶ፣ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ደርሶበት ወደማያውቀው ፍጻሜ ገባ። ከማን ጋር? ከዶጀርስ ጋር! ሰባተኛው ጨዋታ ላይ፣ 11ኛው ዙር ድረስ ተጎትቶ፣ ቶሮንቶ 5 ለ4 ተሸነፈ።

ማኅተሙስ? በ2001 ለዝነኞች አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጭ ከመራጮቹ 28 በመቶ ገደማ አገኘ፤ የሚያስፈልገው 75 በመቶ ነው። 15 ዓመት ሙሉ ቀርቦ ከዚያ በላይ አላገኘም። በ2022 ደግሞ 16 አባላት ያሉት ኮሚቴ አይቶት 12 ድምፅ ሲያስፈልገው 8 አገኘ። በ2025 መጨረሻም፣ ያ ፍጻሜ ካለፈ ሳምንታት በኋላ፣ እንደገና ቀርቦ አልተመረጠም። የቀረበው በተጫዋቾች መዝገብ ነው፤ የአሰልጣኞች መዝገብ ሌላ ነው። አንዱ ሰውዬ በሁለት መዝገብ ተከፍሎ በሁለቱም ጎዶሎ ሆነ። አንድ ቀን ማኅተሙ ቢያርፍለት የእህቴ ልጅ ካርድ ይወደዳል፤ ያኔም ኮሌጅ አያስገባም። ከሰማንያዎቹ የተረፈው ክምር ብዙ ነዋ!

ይህን ሁሉ እያየሁ ወደ ራሴ ሙያ ባልሄድ ሰው አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለማዕረግ እድገት ማመልከቻ ሲገባ የሚመዘነው የታተመ ወረቀት ነበር። በየትኛው መጽሔት አሳተምክ? ስንት ገጽ? ጥያቄው ይሄ ነበር። ማስተማርም ቅጽ ላይ ቦታ አላት፤ “የአገልግሎት ዘመን” ትባላለች፤ እንደ መኪና። ንባብ ጠልቶ መጥቶ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የወጣ ልጅ የሚሞላበት ሣጥን ግን አልነበረም። አንድ ተማሪዬ ዛሬ ስሙ የሚጠራ ጸሐፊ ሆኗል። በአንድ ቃለ ምልልስ ላይ “ጸሐፊ ያደረገህ ማነው?” ሲባል የአንድ መጽሐፍ ደራሲ ጠራ። መጽሐፉን ያዋስኩት እኔ ነኝ። እስካሁንም አልመለሰልኝም።

ታዲያ ቅር አለኝ? ትንሽ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ካሰብኩበት በኋላ ግን ልጁም ገበያውም የሚያውቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ካርድ የሚሰበስብ ሰው ወረቀት አይደለም የሚገዛው። በአሥር ዓመቱ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ያያትን አንዲት ምት ነው። በአሥር ዓመቱ አሰልጣኙን የሚያይ ልጅ የለም። የተጫዋች ሥራ ይታያል፤ ዱላው ይወነጨፋል፣ ኳሷ ትበራለች፣ ሕዝቡ ይነሳል። የአሰልጣኝ ሥራ ከታየ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። “ትከሻህን ትንሽ ዝቅ” ያለው ቃል ልጁ ትከሻ ውስጥ ገብቶ የልጁ ካልሆነ ምኑን ተማረው? የተዋጣለት ትምህርት ባለቤቱን ይለውጣል። በባለቤቱ ስም የቀረ ትምህርት ገና አልተላለፈም።

ይህን ስል ግን “እንግዲያው ለአስተማሪ ምስጋና ይበቃዋል” ለሚሉት በር መክፈቴ አይደለም። በዚህ አባባል ስንት ደመወዝ እንደተበላ እናውቃለን። እነ ማቲንግሊ ካርዳቸው ባይወደድም ደመወዛቸው ጠቀም ያለ ነው፤ አሜሪካኖቹ የትዝታን ገበያና የሥራን ዋጋ አላደባለቁም። ካርዱን ያረከሱት ሰውዬውን አላረከሱም። እኛ ዘንድ ግን መምህሩን በሁለቱም በኩል ነው የያዝነው። ሲያስተምር “ውይ!”፤ ሲሞት “ሻማ ነበር፣ ለሌላው በርቶ ቀለጠ”። ሻማውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ገበያ የማያየውን ሥራ መዝገብ ካላየው፣ መዝገብ የማያየውን ደግሞ ሰው ካላየው፣ ነገ ያን ሥራ የሚሠራ አይገኝም። መፍራት ያለብን ይህን ነው።

ቤዝቦል ከሌላው ስፖርት የሚለይበት አንድ ደስ የሚለኝ ልማድ አለው። የእግር ኳስ አሰልጣኝ ሱፍ ወይም ቱታ ለብሶ መስመር ዳር ይቆማል። የቤዝቦል አሰልጣኝ ግን ከጥንት ጀምሮ እንደ ተጫዋቹ መለያ ነው የሚለብሰው፤ ሱሪው ያው፣ ቆቡ ያው፣ ጀርባው ላይ ቁጥር። በ2025ቱ ፍጻሜ የቶሮንቶን የመጀመሪያ ቤዝ ይጠብቅ የነበረው ቭላድሚር ጉሬሮ ትንሹ ነበር። የዘንድሮ ልጆች የሚሻሙት የእሱን ካርድ ነው። ያንን ቦታ ከሰማንያዎቹ ጀምሮ የያንኪስን መለያ ለብሶ የጠበቀ፣ በጥበቃው 9 ጊዜ የወርቅ ጓንት የተሸለመ ሰው ደግሞ ከኋላ አግዳሚው ላይ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ኳስ ወደ ጉሬሮ በመጣች ቁጥር ካሜራው ልጁን ተከተለ። እኔ ግን በየመሃሉ አግዳሚውን ባሳዩን እያልኩ ነበር የማየው።